ክብደት ሲጠፋ ሰውነት ለምን ይሞቃል?

ጠፈር ሲባል ቶሎ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው ብርድ ነው። በጠፈር ጣቢያ ውስጥ የሚኖር ሰው አካል የሚቸገረው ግን ሙቀት አጥቶ ሳይሆን ሙቀቱን ማስወጣት አቅቶት ነው። ነገሩን ለመረዳት አዊ ዞን ጥሩ ቦታ ነው። ከዳንግላ ተነስቶ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ወዳለችው እንጅባራ የሚወጣ ሰው ጋቢውን መደረቡ አይቀርም። ጋቢ በራሱ ሙቀት አያመነጭም። ገላችን ያሞቀው አየር ስለሚቀል ሽቅብ ይወጣል፤ ከበድ ያለው ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ቦታውን ይይዛል። ጋቢው የሚያግደው ይህንን ምልልስ ነው። በጠፈር ጣቢያ ውስጥ ግን (ስበት ጠፍቶ ሳይሆን፣ ጣቢያው ምድርን እየዞረ ያለማቋረጥ ስለሚወድቅ) ቀላል አየር ከከባዱ አይለይም፤ የሞቀው አየር ገላን ከብቦ እዚያው ይቀራል። ክብደት ማጣት ማለት እንግዲህ አውልቀው የማይጥሉት ጋቢ መልበስ ነው። ላብም ቢሆን ቁልቁል አይንጠባጠብም፤ ቆዳ ላይ ተጣብቆ ይጠራቀማል። የሚያበርደው ደግሞ ሲተን እንጂ ሲጠራቀም አይደለም።

በበርሊኑ ሻሪቴ ሆስፒታል ተመራማሪዎች የሚመራ ቡድን በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የቆዩ 11 ጠፈርተኞችን ግንባራቸው ላይ በሚለጠፍ መሣሪያ ለክቶ ነበር። በ2017 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነው ውጤት መሠረት፣ በእረፍት ላይ እያሉ እንኳ የውስጥ ሙቀታቸው በሁለት ወር ተኩል ገደማ ውስጥ ከ37 ወደ 38 ዲግሪ ሴልሺየስ ተጠግቷል፤ ስፖርት ሲሠሩ ደግሞ ከ40 ያለፈበት ጊዜ ነበር። ጣቢያው ውስጥ አየር ማናፈሻ አለ፤ ታዲያ አየሩ እንዴት ይቆማል? ይባል ይሆናል። ማናፈሻው ባይኖር ነገሩ ይብስ ነበር፤ መኖሩ ግን ሙቀቱ እንዳይጨምር አላደረገም። ከዚህ የሚከብደው ጥያቄ ሌላ ነው፦ የአየሩ ምልልስ የሚቆመው በመጀመሪያው ደቂቃ ከሆነ፣ የእረፍቱ ሙቀት ለምን በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ ጨመረ? እዚህ ላይ ጋቢው ብቻውን መልስ አይሆንም። ተመራማሪዎቹ በደም ውስጥ ከብግነት ጋር የተያያዘ የፕሮቲን ለውጥ ከሙቀቱ ጋር አብሮ ሲሄድ አይተዋል፤ ቀላል ትኩሳት የመሰለ ነገር መሆኑ ነው። በእኔ ግምት ስፖርት ላይ የሚታየውን ግለት በዋናነት አየሩና ላቡ ያብራሩታል፤ ለእረፍቱ ጭማሪ ግን ሰውነት ውስጥ የሚነሣ ሌላ ምክንያት ያስፈልጋል። አሥራ አንድ ሰው ጥቂት ነው፤ ይህ እውነት ነው። ሆኖም እያንዳንዱ ከበረራ በፊት ከነበረው ከራሱ ልክ ጋር ስለተነጻጸረ ውጤቱ በቀላሉ አይጣልም።

ጡንቻና አጥንት እንዳይመነምኑ ስፖርቱን መተው አይቻልም። ወደ ማርስ የሚደረግ ጉዞ የሚያቅዱ መሐንዲሶች የልብሱንም የማናፈሻውንም ልክ ሲያወጡ፣ ገና መሮጥ ሳይጀምር አንድ ዲግሪ ያህል የሞቀ ሰውነት ይዘው ማስላት ይኖርባቸዋል።