በፖስታ የመጣች አማና

የዛሬው ዝግጅታችን በሲያትልና በአካባቢዋ፣ ማለትም በዋሽንግተን ግዛት የምንኖር ሰዎች በፖስታ ስለምንሰጠው ድምፅ ነው። (ዋና ከተማዋ ዋሽንግተን ዲሲ ሌላ ናት፤ ስሙ እንዳያምታታን።) በዚህ አገር ምርጫ መሳተፍ ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም የሚለውን ውይይት ዛሬ አንገባበትም። ማን ይመረጥ የሚለውም የእኛ ሥራ አይደለም።

ነገሩን እንድናነሳው ያደረጉን አንድ አባት ናቸው። አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ሦስት ደብዳቤዎች ይዘው መጡና «ኡስታዝ፣ ምን አጥፍቼ ነው?» አሉን። ለባለቤታቸው፣ ለሴት ልጃቸውና ለወንድ ልጃቸው የመጡትን የድምፅ መስጫ ወረቀቶች ከራሳቸው ጋር አንድ ላይ ሞልተው፣ አራቱንም ፖስታ ፈርመው ልከዋል። ደብዳቤዎቹ የሚሉት፣ በሦስቱ ፖስታዎች ላይ ያለው ፊርማ በመዝገብ ካለው ፊርማ ጋር አልተመሳሰለም ነው። «የቤቱ ኃላፊ እኔ አይደለሁም እንዴ?» ሲሉን ከልባቸው ነበር። ማታለል አላሰቡም፤ እንደ ኪራይና እንደ መብራት ክፍያ አንድ የቤት ጣጣ የጨረሱ ነበር የመሰላቸው።

በዋሽንግተን ግዛት እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው ሕግ መሠረት ምርጫ በሁሉም ካውንቲዎች በፖስታ ነው የሚካሄደው። ወረቀቱ ከምርጫው ቀን ቢያንስ 18 ቀን ቀደም ብሎ ለእያንዳንዱ መራጭ ይላካል። መታወቂያ አሳይተን የምንገባበት በር ስለሌለ መታወቂያችን ፊርማችን ነው ማለት ነው። ከፊርማው በላይ ደግሞ ቃል አለ፦ የአሜሪካ ዜጋ ነኝ፣ ዕድሜዬ ለመምረጥ ደርሷል፣ በዚህ ምርጫ ሁለት ጊዜ ድምፅ አልሰጠሁም የሚል። ከሥሩ የፈረመ ሰው ይህን መሰከረ። በሐሰት የፈረመ እስከ 5 ዓመት እስራት፣ እስከ 10,000 ዶላር ቅጣት ወይም ሁለቱም ሊደርስበት ይችላል።

አባትየው «ባለቤቴ ወክላኛለች» አሉ። ውክልና በሸሪዓችን ሰፊ በር ነው፤ በሽያጭ ይሠራል፣ በኒካህ ይሠራል። ምስክርነትና መሐላ ግን በወኪል እንደማይፈጸሙ የፊቅህ ሊቃውንት አስተምረውናል፤ ያየው፣ ያወቀው ሰው ራሱ ነውና። የሚገርመው የዚህ ግዛት ሕግም እዚሁ ላይ መቆሙ ነው፤ በሕግ የተረጋገጠ ውክልና የያዘ ሰው እንኳ ለሌላው የድምፅ ፖስታ መፈረም አይችልም።

እንግሊዝኛ የማያነቡት እናቶቻችንስ? መርዳትና መተካት ይለያያሉ። በፌዴራሉ ሕግ ማንበብ የተቸገረ ሰው የመረጠው ሰው ሊረዳው ይችላል፤ አሠሪውና የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ ብቻ አይሆኑም። ልጅ ለእናቱ ያንብብላት፣ ያስረዳት፣ የምትለውን ያጥቁርላት፤ ውሳኔውና ፊርማው ግን የእርሷ ነው። መፈረም የማትችል ምልክት ታደርጋለች፣ ሁለት ምስክሮችም ይፈርማሉ። ሁለት ምስክር ማቆም ለእኛ ባዳ ነገር አይደለም።

ሳያጠፋ የሚጎዳም አለ። ብዙዎቻችን መንጃ ፈቃድ ስናወጣ በላቲን ፊደል ፈርመን ድምፅ ስንሰጥ በአማርኛ ወይም በዐረብኛ እንፈርማለን። ወይም በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠን የባልና የሚስት ፖስታ ይቀያየራል። የግዛቱ ኦዲተር በ2022 ባወጣው ጥናት፣ በ2020ው ምርጫ የጥቁር መራጮች ወረቀት ከነጮቹ 4 እጥፍ በሚበልጥ መጠን ውድቅ እንደተደረገ ተገልጿል። ፊርማው ስላልተመሳሰለ የሚጻፍልንን ደብዳቤ እንግዲህ እንደ ማስታወቂያ ወረቀት አንጣለው። የፈረምነው እኛው ከሆንን ውጤቱ ከሚጸድቅበት ቀን በፊት መልሰን ድምፃችንን ማዳን እንችላለን።

ለመመዝገብ በኢንተርኔት ወይም በፖስታ ከሆነ ከምርጫው 8 ቀን በፊት መድረስ አለበት፤ በአካል ግን እስከ ምርጫው ዕለት የማታው 8 ሰዓት (በእኛ አቆጣጠር ምሽት 2 ሰዓት) ይቻላል። ቤት የቀየረ አድራሻውን ያስተካክል። ወረቀቱን ለመመለስ ቴምብር አያስፈልግም። የፖስታ ቤቱ ማህተም ከምርጫው ቀን ያለፈ ከሆነ ግን ድምፁ አይቆጠርም፤ በመጨረሻዎቹ ቀናት የደረሰ ሰው በየሠፈሩ ወዳለው የድምፅ ማስገቢያ ሣጥን ይውሰደው።

አጥብቀን የምናሳስበው ግን ዜግነት ገና ያላገኙትን ነው። ግሪን ካርድ ዜግነት አይደለም። መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ሄደን «መራጭ ሆነው ይመዝገቡ?» ስንባል ከይሉኝታ የተነሳ «እሺ» ማለት ለብዙ ዓመት የተለፋበትን ኑሮ ሊያፈርስ ይችላል። ዜጋ ሳይሆኑ ዜጋ ነኝ ማለት በ1996 በወጣው ሕግ ከአገር ሊያስወጣ የሚችል ጥፋት ነው። በስህተት የተመዘገበ ካለ ድምፅ ሳይሰጥ ቶሎ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር።

ወደ አባታችን እንመለስ። ባለቤታቸውና ልጆቻቸው በደብዳቤዎቹ ላይ «ፊርማው የእኛ ነው» ብለው ቢፈርሙ ሦስቱ ድምፆች ሊቆጠሩ ይችሉ ነበር። «ይፈርሙ ወይ?» ብለው ጠየቁን። አይሆንም አልናቸው፤ የመጀመሪያው ባለማወቅ የተሠራ ነው፣ ይህ ግን እያወቁ በሐሰት መመስከር ነው። ለጽሕፈት ቤቱ ምንም ከመጻፋቸው በፊት ጠበቃ እንዲያነጋግሩም መከርናቸው። ከባድ ነበር፤ ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «እሺ፣ ይቅር» አሉ። ሦስቱ ድምፆች ሳይቆጠሩ ቀሩ። ኋላ እንደሰማነው ሴት ልጃቸው ለካ ሌላ ሰው ነበር ልትመርጥ ያሰበችው።

በተከታዩ ምርጫ አራቱ ፖስታዎች በአራት ሰው እጅ ተፈረሙ። እናትየው በመዝገቡ ባለው ፊርማቸው፣ በአማርኛ ነው የፈረሙት።