የስንዴ ገበሬዎች የክረምት ጨዋታ፦ የካናዳ የወንዶች ከርሊንግ ሻምፒዮና ለማን ነው?

ሳስካቸዋን፣ ማኒቶባ እና አልበርታ የተባሉት ሦስት ግዛቶች የካናዳ የስንዴ ምድር ናቸው። አዝመራው በነሐሴ እና በመስከረም ታጭዶ ከገባ በኋላ ሙቀቱ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚወርድባቸው ረጃጅም ወራት ይከተላሉ። መሬቱ ይደርቃል፤ ትራክተሩ ከመጠለያው አይወጣም። በእነዚህ ወራት የገጠሩን ሰው ከቤቱ አውጥቶ ከጎረቤቱ ጋር ሲያገናኘው የኖረው ከርሊንግ የተሰኘው የበረዶ ላይ ጨዋታ ነው።

በባቡር ሐዲዱ ዳር የተቆረቆሩት የስንዴ ከተሞች መልካቸው ተመሳሳይ ነበር። ከሩቅ የሚታይ ከእንጨት የተሠራ ረጅም የእህል ጎተራ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ትምህርት ቤት እና ሁለት ወይም ሦስት መጫወቻ መስመር ያለው የከርሊንግ አዳራሽ ይገኝባቸዋል። በረዶውን ለመሥራት ማሽን አያስፈልግም ነበር። ወለሉ ላይ ውኃ ይፈስሳል፤ በሩ ይከፈታል፤ ቀሪውን ብርዱ ይጨርሰዋል።

ጨዋታውን ወደ ካናዳ ያመጡት የስኮትላንድ ስደተኞች ናቸው። በሞንትሪያል የመጀመሪያው ክለብ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1807 ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሁለት ቡድኖች በአራት አራት ተጫዋቾች ይገጥማሉ። እያንዳንዱ ተጫዋች በአንድ ዙር ሁለት የግራናይት ድንጋይ ወደ 45 ሜትር በሚጠጋ የበረዶ መስመር ላይ ያንሸራትታል። የአንዱ ድንጋይ ክብደት እስከ 20 ኪሎ ግራም ይደርሳል፤ የኩንታል አምስተኛ እጅ ማለት ነው። በመስመሩ ጫፍ በበረዶው ውስጥ ዲያሜትሩ 3 ነጥብ 66 ሜትር የኾነ ክብ ተሥሏል። ተጫዋቾቹ “ቤት” ይሉታል። በዙሩ መጨረሻ ነጥብ የሚያገኘው ለክቡ መሐል የቀረበ ድንጋይ ያለው ቡድን ብቻ ነው፤ ከተጋጣሚው ምርጥ ድንጋይ ይልቅ ወደ መሐል የቀረቡት ድንጋዮቹ ሁሉ እያንዳንዳቸው አንድ ነጥብ ይቆጠሩለታል።

ጨዋታውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው የሚገረመው በመጥረጊያው ነው። ድንጋዩ ሲንሸራተት ሁለት ሰዎች ከፊቱ እየሮጡ በረዶውን ይፈትጋሉ። ፍትጊያው የበረዶውን ገጽ በጥቂቱ ያሞቀዋል፤ ሰበቃውም ይቀንሳል። በዚህ ምክንያት ድንጋዩ ይበልጥ ይርቃል፤ ብዙም ሳይታጠፍ ይሄዳል። ድንጋዩ ሲለቀቅ በቀስታ እንዲሽከረከር ስለሚደረግ መንገዱ ወደ አንድ ወገን ይታጠፋል፤ የጨዋታው ስምም ከዚህ መታጠፍ ጋር ይያያዛል። በዙሩ የመጨረሻውን ድንጋይ የመወርወር ዕድል “መዶሻ” ይባላል። ማን መዶሻውን እንደያዘ ያላወቀ ተመልካች የቡድኖቹን ስልት ሊረዳ አይችልም።

አንድ ልማድ ደግሞ አለው። በመጥረጊያው ድንጋይ የነካ ተጫዋች ዳኛ ሳይጠይቀው ጥፋቱን ራሱ ይናገራል። ማሸነፍ እንደማይችል የተረዳ ቡድንም ጨዋታው ሳያልቅ እጁን ዘርግቶ ተጋጣሚውን ይጨብጣል። ሁሉም ሰው በሚተዋወቅበት የገጠር አዳራሽ ይህ ሥርዓት መጽናቱ አያስደንቅም።

“ብራየር” በመባል የሚታወቀው የወንዶች ብሔራዊ ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው በ1927 በቶሮንቶ ነው። ስሙ የአንድ ትምባሆ መጠሪያ ነበር፤ ውድድሩን ለግማሽ ምዕተ ዓመት የደገፈው ማክዶናልድ የተባለው የትምባሆ ኩባንያ ነውና። የመጀመሪያውን ዋንጫ ኖቫ ስኮሺያ ወሰደች። በዚያ ዓመት የምዕራቡ የስንዴ ምድር የተወከለው በአንድ ቡድን ብቻ ነበር። ከቀጣዩ ዓመት ጀምሮ ግን ማኒቶባ አምስት ዋንጫዎችን በተከታታይ አነሣች። በ1940 ውድድሩ ከቶሮንቶ ወጥቶ በየከተማው መዞር ጀመረ፤ ከ1943 እስከ 1945 ደግሞ በጦርነቱ ሳቢያ ተቋረጠ።

በ1955 ሬጃይና ላይ ዋንጫውን ያነሡት አቮንሊ ከተባለች የሳስካቸዋን ትንሽ መንደር የመጡ አራት የካምቤል ወንድማማቾች ናቸው። አንድም ጨዋታ አልተሸነፉም። ጥቂት ቆይቶ በኤርኒ ሪቻርድሰን የተመራውና ከወንድሞችና ከአጎት ልጆች የተዋቀረው የሳስካቸዋን ቡድን በ1959፣ በ1960፣ በ1962 እና በ1963 አሸነፈ። መንገዱ ግልጽ ነበር። የመንደሩን ክለብ ያሸነፈ ወደ ወረዳ፣ ወረዳውን ያሸነፈ ወደ ግዛት፣ ግዛቱን ያሸነፈ ወደ ብራየር ይሄዳል።

ዛሬ የሚያከራክረው ይህ መንገድ ነው። ብራየር የተመሠረተው እያንዳንዱ አካባቢ ወንበር አለው በሚል ሐሳብ ነው። አሥሩ ግዛቶች፣ ሦስቱ የሰሜን ጫፍ አስተዳደሮች እና ራሱን ችሎ የሚቀርበው ሰሜናዊ ኦንታሪዮ በድምሩ 14 ወንበር ይይዛሉ። በ2021 የሕዝብ ቆጠራ 37 ሺህ የማይሞላ ነዋሪ የተመዘገበባት ኑናቩት ከ14 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ካለው ኦንታሪዮ ጋር በአንድ መድረክ ትቆማለች። በድንች ምርቷ የታወቀችው ፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት አንድም ጊዜ አሸንፋ አታውቅም፤ ወንበሯን ግን አላጣችም።

ጠንካራ ቡድኖች የበዙባቸው ግዛቶች ይህን ፍትሐዊ አይሉትም። በሀገሪቱ ካሉት ምርጥ አምስት ቡድኖች ሦስቱ ከአንድ ግዛት ቢኾኑ ሁለቱ ለምን ቤታቸው ይቀራሉ? የሚል ጥያቄ ያነሣሉ። ከ2015 እስከ 2017 ደካማ ውጤት ያላቸው ቡድኖች ከዋናው ውድድር በፊት ማጣሪያ እንዲጫወቱ ተደረገ። አንድ ቡድን ረጅም መንገድ ተጉዞ ዋናው ውድድር ሳይጀመር ሊመለስ ይችል ነበር። ቅሬታው ስለበዛ አሠራሩ ቀረ። በምትኩ ተወዳዳሪዎቹ በ2018 ወደ 16፣ በ2021 ወደ 18 ከፍ ተደረጉ፤ ተጨማሪዎቹ ወንበሮችም በብሔራዊ ደረጃና በቀድሞ ውጤት እንዲሞሉ ኾነ። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ጥቂት ከፍተኛ ደረጃ ያላቸው ቡድኖች የግዛታቸውን ውድድር ሳይጫወቱ በቀጥታ ይገባሉ።

ለቴሌቪዥን ተመልካች ይህ መልካም ነው። ለግዛቶቹ ሻምፒዮና ግን ጉዳት አለው፤ ታላላቆቹ የማይገኙበት ውድድር የድሮውን ድምቀት አይዘውምና። ውክልናውም ላልቷል። በ2013 ለሰሜናዊ ኦንታሪዮ ዋንጫ ያስገኘው ብራድ ጄኮብስ በ2025 ያሸነፈው የአልበርታን ስም ይዞ ነው።

ከደንቡ ይልቅ የከበደው ግን የገጠሩ መራቆት ነው። በሳስካቸዋን በ1936 ከ142 ሺህ በላይ እርሻዎች ነበሩ። በ2021 የቀሩት 34 ሺህ ገደማ ናቸው። መሬቱ አልቀነሰም፤ በትላልቅ ማሽኖች እየታገዘ በጥቂት እጆች ገባ እንጂ። ሰው ሲቀንስ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፤ የእንጨት ጎተራው ይፈርሳል፤ የከርሊንግ አዳራሹም አባል ያጣል። ክረምቱ ሲለዝብ ደግሞ በበር መክፈት ብቻ በረዶ መሥራት አይቻልም፤ የማቀዝቀዣ ማሽን ያስፈልጋል፤ ማሽኑም የመብራት ክፍያ አለው። 40 አባላት ላሉት ክለብ ይህ ቀላል ወጪ አይደለም።

የአካባቢ ውክልና ትርጉም በጉልህ የታየው በ2017 በሴንት ጆንስ ከተማ ነው። በባሕር ዳርቻዋና በዓሣ አጥማጆቿ የምትታወቀው ኒውፋውንድላንድና ላብራዶር ዋንጫ ካነሣች 41 ዓመታት ተቆጥረው ነበር። የቡድኑ መሪ ብራድ ጉሹ የመጨረሻውን ድንጋይ ሲለቅ ፍጥነቱ አነስተኛ ኾነ። ሁለቱ ጠራጊዎች መስመሩን ሁሉ እየፈተጉ ድንጋዩን ክቡ ውስጥ አደረሱት፤ ጨዋታውም በሀገሬው ሕዝብ ፊት 7 ለ 6 ተጠናቀቀ። ጉሹ ከዚያ በኋላ አምስት ጊዜ አሸንፎ በቡድን መሪነት የስድስት ዋንጫ ክብረ ወሰን ይዟል። ይህ ሰው በ2006 በቱሪን የክረምት ኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘ ነው፤ በዚያው ኦሊምፒክ ሮቤል ተክለማርያም በበረዶ ሸርተቴ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ተወዳዳሪ ኾኖ ቀርቧል።

ስድስተኛው ዋንጫ የተነሣው በ2024 በሬጃይና ነው። በፍጻሜው የገጠመችው የአስተናጋጇ የሳስካቸዋን ቡድን ነበረች። ግዛቷ ለመጨረሻ ጊዜ ያሸነፈችው በ1980 በመኾኑ አዳራሹ በደጋፊዎቿ ተሞልቶ ነበር። ጨዋታው 9 ለ 5 በጉሹ አሸናፊነት ተጠናቀቀ። ሳስካቸዋንን በመሪነት ያሰለፈው ማይክ ማክዩን የተወለደው በጎረቤት ማኒቶባ፣ ብራንደን ከተማ ነው።