አውጪ ያጣው ዘፈን

ለሥራ ጉዳይ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ሆሳዕና የመጡ እንደ ሆነ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አጥር አጠገብ ጥቂት ቢቆሙ አይቆጭዎትም። ትምህርት አልቆ ግቢው ጭር ሲል፣ ጥግ ካለው ክፍል መጀመሪያ የከበሮ ድምፅ፣ ቀጥሎ ክራር፣ ከዚያም የ30 ያህል ልጆች ሳቅ ይሰማዎታል። ሳቁ የሚበዛው ክራሩና ከበሮው አልስማማ ሲሉ ነው። የሙዚቃና የድራማ ክበባችን ይህ ነው።

እኔ ክበቡን እንድመራ የተመደብሁት በሙዚቃ ዕውቀቴ አይደለም። የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁም ገና ሦስት ዓመቴ ነው። ስለ ድምፅ ሞገድ ጥቂት ማስረዳት እችል ይሆናል እንጂ ክራር መቃኘት ያስተማሩኝ ተማሪዎቼ ናቸው። ሥራ በተከፋፈለበት ስብሰባ ዘግይቼ ስለ ገባሁ ለእኔ የተረፈኝ ክበቡ ነበር። እንዲህ ያለው ነገር በየመሥሪያ ቤቱ ስለማይጠፋ፣ የመንግሥት ሠራተኛ የሆኑት አንባቢያን ይረዱኛል።

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሙዚቃ እንደ ሒሳብና እንደ ባዮሎጂ ለሁሉም የሚሰጥ ትምህርት አይደለም። ስለዚህ ወደ ክበቡ የሚመጣው ልጅ ዕውቀቱን ከሌላ ቦታ ይዞ ይመጣል። ኪቦርድ የሚመታው ልጅ ከቤተ ክርስቲያን መዘምራን ዘንድ፣ ከበሮ የምትመታው ከሰንበት ትምህርት ቤት፣ ድምፁ ከሁሉ የሚያምረው አንዱ ልጅ ደግሞ ከመንዙማ ነው ያገኙት። ከሁሉም በላይ ግን ከቤታቸው ያመጡት አለ። በመስከረም የሐዲያ ልጅ ያሆዴን፣ የከምባታ ልጅ መሳላን ሲያከብር ያደገ ነው። በዚያ ሰሞን አውጪው ግጥሙን ያወጣል፤ ሌላው ሁሉ ተቀባይ ነው። ይህን አሠራር ማንም መምህር አላስተማራቸውም።

የትምህርት ቤት መድረክ ለክፍለ ሀገር ከተማ ትንሽ ነገር ነው ብሎ የሚንቅ ቢኖር አምቦን ላስታውሰው። እንደ ሆሳዕና ሁሉ አምቦም ቀድሞ በሸዋ ሥር የነበረች ከተማ ናት። ጸጋዬ ገብረ መድኅን የመጀመሪያ ቴአትሩን፣ የንጉሥ ዲዮኒስዮስንና የሁለቱን ወንድማማቾች ታሪክ፣ የጻፈው እዚያ ተማሪ ሳለ፣ ገና በ13 ዓመቱ ገደማ ነበር፤ ሲታይም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተገኝተው አይተውለታል። በደርግ ዘመን ደግሞ በየቀበሌውና በየትምህርት ቤቱ የኪነት ቡድን ይቋቋም ነበር። ግጥሙ ብዙውን ጊዜ ከላይ እንደ ታዘዘ ቢሆንም፣ በዚያ ዘመን ከበሮ የያዙ ሰዎች ዛሬም እጃቸው አልረሳውም። አንዳንዶቹ የተማሪዎቻችን አባቶች ናቸው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ባለፈው የትምህርት ዓመት ለሰኔው የወላጆች በዓል አንድ ቴአትርና አንድ ዘፈን አዘጋጅተን ነበር። ቴአትሩን የጻፉት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። ነገሩ በዚህ አገር ሁሉም ቤት የሚያውቀው ነው፤ አንድ ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ ሊሄድ ይነሣል፣ አባቱ ደግሞ እምቢ ይላል። ከሐዲያና ከከምባታ ብዙ ወጣት በሞያሌ ወጥቶ ኬንያን፣ ታንዛኒያን፣ ማላዊንና ሞዛምቢክን አቋርጦ ወደዚያ ይወርዳል። የደረሰው ሱቅ ይከፍታል፣ ለወላጆቹም ቆርቆሮ ቤት ያሠራል። መንገድ ላይ የቀረውም ብዙ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ በቴቴ ክፍለ ሀገር፣ በአንድ ጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው ሲገኙ ኢትዮጵያውያን መሆናቸው ተነግሯል።

አባቱን ሆኖ «አትሂድ» የሚለው አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ ነበር። የቤተሰቦቹ ቤት በዶዮገና በኩል ነው፤ እርሱ ሆሳዕና ቤት ተከራይቶ ከታናሽ እህቱ ጋር ይማር ነበር። የዘፈኑም አውጪ እርሱ ነው። ዘፈኑ አያቱ በመሳላ ሰሞን የሚያዜሙት የከምባትኛ ዘፈን ሲሆን፣ ተቀባዮቹ አብዛኞቹ የሐዲያ ልጆች ነበሩ። ሁለቱም ቋንቋዎች ከኩሽ ወገን የሆኑ ዘመዳሞች ናቸው። ቢሆንም ልጆቹ መቀበያውን እንጂ ግጥሙን በቅጡ አያውቁትም ነበር።

በግንቦት አጋማሽ፣ አንድ ሰኞ ቀን፣ ልጁ አልመጣም። ማክሰኞም አልመጣም። ረቡዕ እህቱ ወደ መምህራን ክፍል መጥታ በር ላይ ቆመች።

«መምህር፣ ወንድሜ ሄዷል» አለችኝ።

ወዴት ብዬ አልጠየቅኋትም።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ያሰብሁት ስለ ልጁ ሳይሆን ስለ በዓሉ ነበር፤ ይህን ስጽፍም አፍራለሁ። የአባቱን ቦታ ለሌላ ልጅ ሰጠን፤ ቃሉ በወረቀት ተጽፎ ስለ ነበረ በአራት ቀን አጠናው። ዘፈኑ ግን በማንም ዘንድ አልተጻፈም። ተቀባይ 20 ነበረን፤ አውጪ ግን አልነበረንም። አንድ ተማሪ ሲሄድ አንድ ዘፈን አብሮት ሊሄድ እንደሚችል ያን ጊዜ ገባኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ከልጅቱ ጋር በሚኒባስ ወደ ዶዮገና መንገድ ወጣን፤ ከዋናው መንገድ ወርደንም በእንሰቱ መካከል ግማሽ ሰዓት ያህል በእግር ሄድን። አያትየው 70 ያለፋቸው ናቸው። ስለ ልጁ አንድም ቃል አላነሡም፤ ቆጮና ጎመን አቀረቡልንና ስንጨርስ ማዜም ጀመሩ። ልጅቱ በ9ኛ ክፍል ደብተሯ ትጽፋለች፣ እኔ በስልኬ እቀዳለሁ። ዜማውን ከሰሙ ጎረቤቶች አንዲት ሴት መጥተው አብረው ያዜሙ ጀመር። በሁለተኛው ግጥም ላይ ግን ሁለቱ ሴቶች የተለያየ ቃል አሉ። ልጅቱ እስክሪብቶዋን አንሥታ አየችኝ።

እዚህ ላይ ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል። በከምባታ ባሊሻ የሚባል የቆየ ሥርዓት አለ። ያገባች ሴት የአማቶቿን ስም አትጠራም፤ ስማቸው በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምር ሌላ ቃልም አትናገርም፤ በምትኩ ሌላ ቃል ታገባለች። በአማርኛ ቢሆን ኖሮ፣ አማቷ «ወርቁ» የተባሉ ሴት «ወተት» ማለት ስለማትችል «ነጩ» እንደምትል ያህል ነው። ወጣቶቹ ሴቶች አሁን እምብዛም አይጠብቁትም። አያትየው ግን የሞቱ አማታቸውን ዛሬም ያከብራሉ፤ ስለዚህ በልጅነታቸው የተማሩትን ዘፈን ካገቡ በኋላ በአንድ ቦታ ለውጠው አዚመውታል። የልጅ ልጃቸውም የለመደው የተለወጠውን ነው። ለካ እኛም አንድ ወር ሙሉ ስናጠና የቆየነው የእርሳቸውን የትዳር ታሪክ ጭምር ኖሯል! ሁለቱንም ቃል አንዱን ከሌላው በላይ ጻፍነው።

ሌላም ችግር ነበረ። አያትየው ደብተሩን ተቀብለው ቢያዩት ማንበብ አልቻሉም። እርሳቸው ፊደል የቆጠሩት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ ከምባትኛና ሐዲይኛም ነበሩበት፤ የሚጻፉትም በእኛው በግዕዝ ፊደል ነበር። ልጅቱ ግን ከ1980ዎቹ አጋማሽ በኋላ በመጣው በላቲን ፊደል ነው ቋንቋዋን የተማረችው። አያትና የልጅ ልጅ ሁለቱም የተማሩ ሳሉ አንዳቸው የሌላውን ጽሑፍ አያነቡም። ስለዚህ በጓሮው በር አጠገብ ተቀምጣ እንደ ገና በግዕዝ ፊደል ገለበጠችው። አያትየው ጣታቸውን በመስመሩ ላይ እያስኬዱ አነበቡና፣ ይህ ቃል ሲዜም ይረዝማል፣ እዚህ ግን አጭር ነው የተጻፈው ብለው አረሟት። እውነት ነበር። ላቲኑ ረጅሙን ድምፅ ፊደል ደግሞ ያሳያል፤ ግዕዙ አያሳይም። ልጅቱ በሚረዝሙት ቃላት ላይ ሁሉ ትንሽ መስመር አሰመረች።

የበዓሉ ዕለት መብራት ጠፋ፤ ስለዚህ ኪቦርዱ ዝም አለና ክራሩና ከበሮው ብቻ ቀሩ፤ እነርሱም ለአንድ ቀን ተስማሙ። ቴአትሩ ላይ አዲሱ አባት «አትሂድ» ባለ ጊዜ፣ ሌላ ጊዜ የሚያጨበጭበው ሕዝብ ጸጥ አለ። ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው ወጡ። ለምን እንደ ወጡ አልጠየቅሁም።

ከዚያ ልጅቱ ወጣች። ድምጿ እንደ ወንድሟ አይደለም፤ ቀጭን ነው፣ መጀመሪያም ተንቀጠቀጠ። ነገር ግን 20ዎቹ ሲቀበሏት ቀና አለች። አያቷ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር፤ በሁለተኛው ግጥም ላይ ልጅቱ የየትኛዋን ሴት ቃል እንደምታወጣ ለማየት እኔም ወደ እርሳቸው ተመለከትሁ። የአያቷን ቃል አወጣች።

የቀዳሁትን አንዱ ተማሪ ከወንድሟ ቁጥር ላከው። ለረጅም ጊዜ መልስ አልመጣም፤ ስልኩም አይሠራም ነበር። በነሐሴ መጨረሻ ከጆሃንስበርግ የድምፅ መልእክት ደረሳት። ደኅና ነኝ፣ ሱቅ ውስጥ ተቀጥሬያለሁ ካለ በኋላ፣ ሦስተኛው ግጥም ከሁለተኛው ይቀድማል፣ አያቴ ደክሟት አገላብጣዋለች አለ። ልጅቱ ደብተሩን ይዛ መጥታ መልእክቱን አሰማችኝ፤ ከዚያም በሁለቱ ግጥሞች መካከል በቀይ እስክሪብቶ ቀስት ሠራች።