አንድ ስም የተጣሉበት ሁለት ፕሮግራሞች

እ.ኤ.አ. በ2012 ደቢያን የተባለውን ነፃ ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚያዘጋጁ በጎ ፈቃደኞች «ኖድ» የሚለው ስም ለማን ይገባል በሚል ክርክር ተይዘው ነበር። አማተር የራዲዮ ሰዎች ጣቢያዎቻቸውን የሚያገናኙበት የቆየ ፕሮግራም በዚህ ስም ይጠራል። የድረ ገጽ ሠሪዎችን ቀልብ የሳበው ኖድ ጄኤስም ይህንኑ ስም ይዞ መጣ። ተጠቃሚው ስሙን ሲጽፍ ኮምፒውተሩ የሚያስነሳው አንዱን ብቻ ነው፤ ያልታሰበው ከተነሳ ደግሞ ሰው በአጠገቡ የሌለ የራዲዮ ጣቢያ ሊቋረጥ ይችላል።

የደቢያን ደንብ ሥራቸው የተለያየ ሁለት ፓኬጆች ተመሳሳይ ስም ያላቸው ፕሮግራሞችን እንዳይጭኑ ይከለክላል፤ ስምምነት ከጠፋም ሁለቱም ስማቸውን ይቀይሩ ይላል። ጉዳዩ የቴክኒክ ኮሚቴው ዘንድ ደርሶ ሁለቱም ሌላ ስም ያዙ። ኮሚቴው ውሳኔውን አንስቶ ለኖድ ጄኤስ ስሙን የመለሰለት በ2017 ነው።

ፓኬጅ የፕሮግራሙን ፋይሎች፣ የሚቀመጡበትን ቦታ፣ ሲጫንና ሲነሳ የሚሠሩ ትንንሽ ስክሪፕቶችን አንድ ላይ ይይዛል። ያለ የትኛው ፓኬጅ እንደማይሠራ፣ ከየትኛውስ ጋር አብሮ እንደማይጫንም ይገልጻል።

ይህ ሁሉ ሳይፈተሽ ሲቀር ምን እንደሚከተል በ1990ዎቹ የዊንዶውስ ተጠቃሚዎች በደንብ ያውቁታል። አዲስ የተጫነ ፕሮግራም ብዙዎች የሚጋሩትን የዲኤልኤል ፋይል በአሮጌ ስሪት ይተካና ትናንት ደህና የነበረው ሌላ ፕሮግራም ዛሬ አልነሳም ይላል። ባለሙያዎች «የዲኤልኤል ገሃነም» ያሉት ይህንን ነው። ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ 2000 ዋና ዋና የሲስተሙን ፋይሎች ከእንዲህ ያለ መተካት የሚጠብቅ መከላከያ አስገባ።

ደቢያን ግን ፍተሻውን ፓኬጁ ተጠቃሚው እጅ ከመግባቱ በፊት ይጀምራል። ሊንቲያን የተባለው መሣሪያ ፓኬጁን ሳይጭን ከፍቶ ከደንቡ ጋር ያስተያየዋል፦ የቅጂ መብት ፋይሉ አለ? ለፕሮግራሙ የመመሪያ ገጽ ተጽፎለታል? የፋይሎቹ ፈቃድ ትክክል ነው? ፒዩፓርትስ የሚባለው ደግሞ ከሌላው በተለየ ንጹህ ሲስተም ውስጥ ፓኬጁን ይጭናል፣ ያሻሽላል፣ ሙሉ በሙሉ ያነሳል። ከዚያ የፊቱንና የኋላውን የፋይል ዝርዝር ያነጻጽራል፤ የተረሳ ፋይል ካገኘ ፓኬጁ ፈተናውን ወደቀ ማለት ነው።

ከሁሉ የከበደው «ይህ ፓኬጅ ጨርሶ ሊጫን ይችላል?» የሚለው ጥያቄ ነው። አንዱ ፓኬጅ ሌላውን ይፈልጋል፣ ያ ሦስተኛውን ይፈልጋል፣ ሦስተኛው ከመጀመሪያው ጋር ይጋጫል። ሮቤርቶ ዲ ኮስሞና ባልደረቦቹ በ2006 እንዳሳዩት፣ ይህ ጥያቄ ለሁሉም ሁኔታ የሚሆን ፈጣን መፍቻ ካልተገኘላቸው የሂሳብ ችግሮች ተራ ይመደባል። ደግነቱ፣ በተግባር የሚያጋጥሙትን ፓኬጆች የሎጂክ መፍቻ ፕሮግራሞች በአጭር ጊዜ ይመረምሯቸዋል። በ2023 የወጣው ደቢያን 12 ከ64 ሺህ በላይ ፓኬጆች ስላሉት በእጅ ማጣራት የሚታሰብ አይደለም።

ያም ሆኖ የሚያመልጥ አይጠፋም። ዲፒኬጂ የተባለው ጫኝ የሌላ ፓኬጅ ፋይል ላይ ሊጽፍ ሲል ያቆምና የፋይሉንና የባለቤቱን ስም ያሳያል። በግድ እንዲቀጥል ማዘዝ ይቻላል፤ ሆኖም ነባሩ ፕሮግራም ፋይሉን ይነጠቃል። የሚበጀው መልእክቱን እንዳለ ገልብጦ ለፓኬጁ አዘጋጅ መላክ ነው። አዘጋጁም የፋይሉን ስም በመቀየር ወይም ግጭቱን በፓኬጁ መግለጫ ላይ በማስፈር በሚቀጥለው ስሪት ያስተካክለዋል።