የአፍንጫ ልክ

ፕራግ ውስጥ በፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ስሙ በገነነው በፍራንቲሼክ ቡሪያን ክሊኒክ ከንፈራቸው ተሰንጥቆ የተወለዱ ሕፃናት ይታከሙ ነበር። ከንፈሩ ይሰፋል፣ የተጣመመው አፍንጫም ይቃናል። እዚያ ይሠሩ የነበሩትን ዶክተር ሌስሊ ፋርካስን ግን አንድ ጥያቄ እረፍት ነሣቸው፤ አፍንጫው «ተስተካከለ» የሚባለው ከምን ጋር ተለክቶ ነው?

መጻሕፍቱ መልስ አላጡም። ከህዳሴ ዘመን ሠዓሊዎች የወረሱት ሕግ ነበራቸው። ፊት ከላይ ወደ ታች በሦስት እኩል ይከፈላል፣ አንዱ ሢሶ የአፍንጫ ነው፤ የአፍንጫ ስፋት ደግሞ በሁለቱ ዓይኖች መካከል ካለው ርቀት ጋር እኩል ነው። ፍኖተ ሰላም ገበያ የዋለ ሰው ሰልካካውን ከጎራዳው ለመለየት ማስመሪያ አያሻውም። ቢላ የጨበጠ ሐኪም ግን በሚሊሜትር ካልተነገረው ይቸገራል፤ ሕጉም የተወደደው ለዚሁ ነው። ታዲያ በሕያው ሰው ፊት ላይ ማን ፈትኖት ያውቃል?

የሶቪየት ታንኮች ፕራግ በገቡበት በፈረንጆቹ 1968 ፋርካስ ወደ ካናዳ ተሰደዱ፤ ቶሮንቶ በሚገኘው የሕፃናት ሆስፒታልም ሥራቸውን ቀጠሉ። ፊትን ለመለካት አቋራጩ መንገድ ፎቶግራፍ ነበር፤ ታካሚው ፎቶ ይነሣል፣ ሐኪሙ ወረቀቱን ይለካል። በ1980 ከባልደረቦቻቸው ጋር የፎቶውን ልክ በቀጥታ ከፊት ከተወሰደው ጋር ሲያስተያዩት አብዛኛው የሚታመን ሆኖ አልተገኘም። ካሜራው ካልሆነ ምን ቀራቸው?

እጃቸው ቀራቸው። በሁለቱ ዓይኖች መካከል የአፍንጫው ሥር ላይ በቀለም ነጥብ ያደርጋሉ፤ ሌላውን ነጥብ አፍንጫው ከላይኛው ከንፈር ጋር በሚገናኝበት። ካሊፐር የሚባለውን መለኪያ ግራና ቀኝ የአፍንጫ ክንፎች ላይ ያስጠጋሉ እንጂ አይጫኑም፤ ሥጋው ለስላሳ ነውና ጥቂት ከተጫኑት ልኩ ይዋሻል። አሰልቺ ሥራ ነው፣ ሌላ ሰው ቢሆን በሳምንቱ በተወው። እሳቸው ግን ከሕፃን እስከ ጎልማሳ ከ2 ሺህ በላይ ጤነኛ ሰዎች የተለኩበት መዝገብ እስኪጠራቀም ድረስ አልተዉትም።

በ1985 የጥንቱን ሕግ ከመዝገቡ ጋር አፋጠጡት። የተመረጡት ሕጉ ይስማማቸዋል የሚባሉት የሰሜን አሜሪካ ነጭ ወጣቶች ነበሩ። በሦስት እኩል የተከፈለ ፊት አንድም አልተገኘም! የአፍንጫው ስፋት ከዓይኖቹ ርቀት ጋር እኩል የሆነውም ከአሥሩ አራቱ ገደማ ብቻ ነው። ሠዓሊዎቹ የጻፉት የሚመኙትን እንጂ ያዩትን አልነበረም። ነጮቹ ላይ እንኳ ያልሠራ ሕግ፣ ሌላው ዓለም ላይ ምን ሊሆን ነው?

መልሱ 20 ዓመት ቆየ። በ2005፣ ፋርካስ 90 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው፣ ከየአገሩ ተመራማሪዎች ጋር የ1,470 ሰዎችን ፊት ልክ አሳተሙ፤ 25 አገሮችና ሕዝቦች ገቡበት። ከሰሜን አሜሪካ ነጮች ጋር ሲተያይ የእስያና የጥቁር ሕዝቦች አፍንጫ በግልጽ ሰፊ ነበር። አንዱን ቁጥር ለሁሉ ማስፋት ማለት የአንዱን ሰው ፊት ለሌላው ማልበስ ሆነ።

ከአፍሪካ ከተለኩት መካከል ግብፃውያን፣ አንጎላውያንና ዙሉዎች ይገኙበታል። ኢትዮጵያ ከ25ቱ ውስጥ የለችም፤ የቡሬ ልጅ አፍንጫውን ሊያሠራ ቀዶ ሐኪም ፊት ቢቀመጥ፣ ከዚያ ሰንጠረዥ የሚወጣለት ልክ የሌላ አገር ሰው ልክ ነው።