በአንድ ሌሊት ሱስ ያስተዋል ስለሚባለው መድኃኒት፤ የኢቦጋይን ተስፋ፣ አደጋና ጥንቃቄ

ሱስ የያዘውን ሰው «ለምን አትተወውም?» ብሎ መምከር ቀላል ነው። እርሱም ቢሆን መተዉን አይጠላም፤ የሚፈራው በመተውና በመዳን መካከል ያለውን የሐራራ ጊዜ ነው። ላቡ የሚንቆረቆርበት፣ አጥንቱ የሚቆረጠምበት፣ እንቅልፍ የሚያጣበት፣ ሆዱ የሚገለበጥበት ያ ጥቂት ቀን ከብዙ ዓመት ጉስቁልና የባሰ ሆኖ ይታየዋል። ስለዚህ «ይህን ጊዜ በአንድ ሌሊት የሚያሻግር መድኃኒት ተገኝቷል» የሚል ወሬ ሲሰማ ጆሮውን ቢያቀና አይፈረድበትም።

ወሬው ፈጽሞ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ግማሹ ብቻ እየተነገረ ብዙ ሰው አሳስቷል፤ አንዳንዱንም ለሞት አድርሷል። በዚህ ጽሑፍ የምንሞክረው ሌላውን ግማሽ ለመናገር ነው። እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች እንጂ ሐኪሞች አይደለንም፤ ለማንም መድኃኒት አናዝም። ሆኖም አንድ ታሪክ እንዴት እንደሚነገር፣ በሚነገርበትም ጊዜ ምን ምን እንደሚቀር መመርመር የትምህርታችን ክፍል ስለሆነ ነገሩ ከእኛ የራቀ አልመሰለንም። ዘመናቱን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ነገሩ እንዴት ተጀመረ?

ኢቦጋ በምዕራብ መካከለኛው አፍሪካ፣ በተለይም በጋቦን ደን ውስጥ የሚበቅል ቁጥቋጦ ነው። የብዊቲ ሃይማኖት ተከታዮች በሥርዓታቸው ላይ፣ ይልቁንም አዲስ አባል በሚቀበሉበት ጊዜ፣ የሥሩን ቅርፊት ይበሉታል። በ1901 የፈረንሳይ ሊቃውንት ከዚሁ ቅርፊት ኢቦጋይን የተባለውን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ። ከ1939 ጀምሮም በፈረንሳይ አገር ላምባሬን በሚል ስም፣ እጅግ አነስተኛ መጠን ባለው ክኒን፣ ድካም ማስወገጃ ተብሎ ይሸጥ ነበር።

በ1962 ሐዋርድ ሎትሶፍ የተባለ የ19 ዓመት ወጣት አዲስ ዓይነት ስካር አገኛለሁ ብሎ ይህን ኢቦጋይን ወሰደ። ወጣቱ የሄሮይን ሱሰኛ ነበር። ስካሩ ካለፈለት በኋላ ግን የሚጠብቀው ሐራራ እንዳልመጣ አስተዋለ። ሎትሶፍ ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሁሉ ይህን ነገር ለዓለም ለማስታወቅ ደከመ፤ በ1985ም በአሜሪካ የፈጠራ መብት ተሰጠው። የአሜሪካ መንግሥት ተቋም በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጥናቱን ጀምሮ ነበር፤ በ1995 ግን በሰው ላይ ለሚደረገው ሙከራ ገንዘብ መስጠቱን ተወ። ኢቦጋይን በአሜሪካ ሕግ የተከለከለ ስለሆነ ሕክምናውን የሚፈልጉ ሰዎች ወደ ሜክሲኮና ወደ ሌሎች አገሮች መጓዝ ጀመሩ። ከእነዚህ መካከል አንዳንዶቹ በሚገባ በተደራጀ ክሊኒክ ታከሙ፤ ሌሎቹ ግን ሐኪም በሌለበት ቤትና በሆቴል ክፍል ውስጥ ወሰዱት። ልዩነቱ የሕይወትና የሞት ልዩነት መሆኑን ወደ ኋላ እናያለን።

ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም

ስለ ኢቦጋይን ሲወራ ብዙ ጊዜ «ሳይከደሊክ» ከሚባሉት ሌሎች ነገሮች ጋር ተደባልቆ ይወራል። ይህን ቃል የፈጠረው በካናዳ፣ በሳስካችዋን ግዛት ይሠራ የነበረው የአእምሮ ሐኪም ሃምፍሪ ኦዝሞንድ ነው፤ ትርጉሙም ሕሊናን ገላጭ እንደማለት ነው። ኦዝሞንድና ባልደረባው አብራም ሆፈር በ1950ዎቹ ኤል.ኤስ.ዲ.ን ለመጠጥ ሱሰኞች በመስጠት ይመራመሩ ነበር። በዘመናችን ደግሞ ከአንዳንድ የእንጉዳይ ዓይነቶች የሚገኘው ሲሎሳይቢን ተመርምሯል። በ2022 በወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት 93 የመጠጥ ሱሰኞች በሁለት ተከፍለው፣ አንዱ ክፍል ሲሎሳይቢን፣ ሌላው ሌላ መድኃኒት ወስዶ፣ ሁለቱም ክፍሎች ለ12 ሳምንት የምክር ሕክምና ተደረገላቸው። ከዚያ በኋላ በተቆጠሩት 32 ሳምንታት አብዝተው የጠጡበት ቀን በሲሎሳይቢን ወገን ከመቶ 9.7፣ በሌላው ወገን ከመቶ 23.6 ሆነ።

ሲሎሳይቢን የደም ግፊትንና የልብ ትርታን ለጥቂት ሰዓት ከፍ ያደርጋል፤ ዋናው አደጋው ግን በአእምሮ በኩል ነው። ራሱ ወይም የቅርብ ዘመዱ የቅዠትና የእብደት በሽታ ያለበት ሰው በጥናቶቹ ውስጥ አይገባም፤ ሊቲየም የሚባለውን መድኃኒት የሚወስድም ሰው የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊደርስበት ስለሚችል እንዲሁ ይከለከላል። የኢቦጋይን አደጋ ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ አደጋው በቀጥታ ልብን ይነካል። ስለዚህ «እንጉዳዩ ጓደኛዬን ካልጎዳው ኢቦጋውም አይጎዳኝም» ብሎ ማሰብ ትልቅ ስሕተት ነው።

ልብ ላይ የሚያደርሰው

የልባችንን አሠራር በአንጥረኛ ወናፍ ብንመስለው ነገሩ ይቀልልናል። ወናፍ አንድ ጊዜ ከተጫኑት በኋላ እንደገና አየር እስኪሞላ ድረስ መጠበቅ ያስፈልጋል። ልብም እንዲሁ ከእያንዳንዱ ትርታ በኋላ ኤሌክትሪኩን መልሶ ለማስተካከል ጥቂት ጊዜ ይፈልጋል። ይህም የሚሆነው ፖታሲየም የተባለው ጨው በልብ ሕዋሳት ላይ ባሉ ጥቃቅን በሮች ወደ ውጭ ሲወጣ ነው። ኢቦጋይን እነዚህን በሮች ይዘጋል። በሮቹ ሲዘጉ የማረፊያው ጊዜ ይረዝማል፤ ልብ ገና ሳይዘጋጅ የሚቀጥለው ምት ቢደርስበት ሥርዓቱን አጥቶ መርገፍገፍ ሊጀምር ይችላል። ሐኪሞች ይህን በፈረንሳይኛ ስሙ ቶርሳድ ደ ፕዋንት ይሉታል። በደቂቃዎች ውስጥ ካልታረመ ሰውየው ይሞታል።

ይህ የማረፊያ ጊዜ ኢሲጂ በሚባለው የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ይለካል፤ ስሙም ኪው-ቲ ይባላል። በጤነኛ ሰው ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ ከ450 ወይም ከ460 ሚሊሰከንድ አይበልጥም፤ 500 ካለፈ የአደጋ ምልክት ነው። በ2022 የታተመ የሆላንድ ጥናት 14 የኦፒየም ወገን መድኃኒት ሱሰኞችን በሐኪም ጥበቃ ሥር ኢቦጋይን ሰጥቶ ተከታተለ። ኪው-ቲያቸው በአማካይ በ95 ሚሊሰከንድ ረዘመ፤ ግማሾቹም ከ500 አለፉ። ሁሉም ለጊዜው ሚዛናቸውን ጠብቀው መራመድ ተሳናቸው። ልቡ የተርገፈገፈበት ሰው አልነበረም፤ ሆኖም ሐኪሞቹ በአጠገባቸው ሆነው መሣሪያውን ይከታተሉ እንደነበረ መርሳት አይገባም።

ከዚህም በላይ ኢቦጋይን በጉበት ውስጥ ኖሪቦጋይን ወደሚባል ሌላ ነገር ይለወጣል። ይህም እንደ እናቱ የልብን በሮች ይዘጋል፤ በሰውነትም ውስጥ ለቀናት ይቆያል። ስለዚህ ሕልሙና ቅዠቱ አለፈ ማለት አደጋው አለፈ ማለት አይደለም። በ2012 የታተመ አንድ ጥናት ከ1990 እስከ 2008 ድረስ ኢቦጋይን ወስደው የሞቱ 19 ሰዎችን መዝግቧል፤ ሞቱ የደረሰው ከወሰዱ በኋላ ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 76 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። አስከሬናቸው በሚገባ ከተመረመረላቸው 14 ሰዎች መካከል በ12ቱ ላይ አስቀድሞ የነበረ ከባድ በሽታ፣ ይልቁንም የልብ በሽታ፣ ወይም አብሮ የተወሰደ ሌላ ዕፅ ለሞቱ ምክንያት ወይም አጋዥ ሆኖ ተገኝቷል። በ2018 የታተመ የኒው ዚላንድ ጥናትም ጥቂት ሰዎችን ብቻ የተከታተለ ሲሆን ከእነርሱ አንዱ በሕክምናው ላይ ሳለ ሞቷል።

አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዲያስተውል እንለምናለን። ስለ ኢቦጋይን የምንሰማው ምስክርነት ሁሉ የሚመጣው ከዳኑት ነው። የሞተው ሰው መጥቶ አይናገርም፤ ቤተሰቡም ስለ ኀፍረት ዝም ይላል። እንግዲህ የምስክሮቹን ብዛት ብቻ ቆጥሮ መፍረድ አንዱን ተከራካሪ ብቻ ሰምቶ እንደሚፈርድ ዳኛ መሆን ነው።

ሊደረጉ የሚገባቸው ጥንቃቄዎች

1ኛ. ከሕክምናው በፊት የልብ ኢሲጂ፣ የጉበት ምርመራ፣ እንዲሁም በደም ውስጥ ያለው የፖታሲየምና የማግኒዚየም መጠን መታየት አለበት። በትውከት፣ በተቅማጥና በምግብ እጦት የተጎዳ ሱሰኛ እነዚህ ጨዎች ያንሱታል፤ ሲያንሱ ደግሞ ልብ ይበልጥ ይጋለጣል።

2ኛ. ራሱን ስቶ የወደቀ፣ ወይም ከዘመዶቹ አንዱ በወጣትነቱ በድንገት የሞተበት ሰው ይህን ለሐኪሙ መናገር አለበት፤ በውርስ የሚተላለፍ የልብ ጉድለት ሊሆን ይችላልና።

3ኛ. የሚወስዳቸው መድኃኒቶች ሁሉ መመርመር አለባቸው። ሜታዶን ራሱ ኪው-ቲን ያስረዝማል፤ አንዳንድ የወባ፣ የኢንፌክሽንና የአእምሮ መድኃኒቶችም እንዲሁ ናቸው። ሁለቱ ሲደራረቡ አደጋው ይጨምራል። ሜታዶን ደግሞ ከሰውነት ቀስ ብሎ ስለሚወጣ አንድ ቀን ማቋረጥ አይበቃም።

4ኛ. የመጠጥ ሱሰኛ አስቀድሞ ከመጠጡ በሐኪም እጅ መላቀቅ አለበት። ለብዙ ጊዜ አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም በመጀመሪያዎቹ ቀናት መንቀጥቀጥ፣ ራስ መሳትና ቅዠት ሊይዘው፣ ሊገድለውም ይችላል። ኢቦጋይን ከዚህ አያድነውም።

5ኛ. በሕክምናው ጊዜ ልቡን ያለማቋረጥ የሚያሳይ መሣሪያ፣ በደም ሥር የሚሰጥ ማግኒዚየም፣ ልብን በኤሌክትሪክ ምት የሚያስተካክል መሣሪያና ይህን የሚያውቅ ሐኪም በቦታው መገኘት አለባቸው። ጥበቃውም ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት፣ ኪው-ቲው ካልተመለሰም ከዚያ በላይ መቀጠል አለበት። በ2024 የታተመው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት የጭንቅላት ጉዳት ላለባቸው 30 የቀድሞ ወታደሮች ኢቦጋይንን ከማግኒዚየም ጋር በሜክሲኮ የተሰጣቸውን ተከታትሎ ከባድ የልብ አደጋ አላገኘም። ሰዎቹ ግን አስቀድመው ተመርምረው የተመረጡ ነበሩ፤ 30ም ጥቂት ቁጥር ነው።

6ኛ. ከሕክምናው በኋላ ያለው ሳምንት ከሁሉ የከፋ ሊሆን ይችላል። ሐራራው የለቀቀው ሰው ሰውነቱ ሄሮይኑን የመሸከም ልማዱን አጥቷል። ተፈትኖ ወደ ቀድሞው መጠን ቢመለስ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። ስለዚህ ብቻውን መተው የለበትም፤ ምክርና ክትትል ከመድኃኒቱ የማይለይ የሕክምናው ክፍል ነው።

ይህ እኛን በምን ይነካናል?

«የጋቦን ቅጠልና የሜክሲኮ ክሊኒክ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል ይኖር ይሆናል። ሁለት ምክንያት እናቅርብ።

አንደኛው የሰውነታችን ነገር ነው። ኢቦጋይንን የሚለውጠው የጉበት ኢንዛይም ሲ.ዋይ.ፒ. 2ዲ6 ይባላል፤ ኃይሉም ከሰው ሰው ይለያያል። በ2015 የታተመ ጥናት ይህ ኢንዛይም በሌላ መድኃኒት ሲታገድ በሰውነት ውስጥ የሚገኘው የኢቦጋይንና የኖሪቦጋይን ጠቅላላ መጠን ወደ እጥፍ ገደማ እንደሚደርስ አሳይቷል። በ1996 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ከተመረመሩት 122 ኢትዮጵያውያን መካከል ከመቶ 29ኙ የዚህን ኢንዛይም ዘር በድርብ ወይም ከዚያ በላይ ይዘው አገኛቸው፤ ይህም በአውሮፓ ሰሜን ከሚታየው እጅግ የበዛ ነው። እንግዲህ በአንድ ሆላንዳዊ ላይ የተለካው መጠን በእኛ ላይ በዚያው መንገድ ይሠራል ብሎ መገመት አይቻልም። ከማይታወቅ ሻጭ በፖስታ የመጣ ዱቄት በማንኪያ ለክቶ የሚወስድ ሰው በራሱ ላይ የሚያደርገው ምንም መለኪያ የሌለው ሙከራ ነው።

ሁለተኛው የኀፍረታችን ነገር ነው። በውጭ አገር የሚኖሩ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን በሄሮይንም ሆነ በሕመም ማስታገሻ ክኒን ሱስ ሲያዙ ከሁሉ የሚያስፈራቸው የአገር ሰው ማወቁ ነው። እዚህም ቢሆን አረቄና ጫት የያዘው ወዳጃችን ሐኪም ቤት ከመሄድ ይልቅ በስውር የሚፈታበትን መንገድ ይፈልጋል። ከላይ የዘረዘርናቸው ስድስት ጥንቃቄዎች ግን ሁሉም በአንድ ነገር ላይ የቆሙ ናቸው፤ እርሱም ታማሚው እውነቱን መናገሩ ነው። «ይከለክሉኛል» ብሎ ሜታዶን መውሰዱን የደበቀ፣ «ይንቁኛል» ብሎ የሚጠጣውን ያሳነሰ ሰው መሣሪያው ሁሉ ተሟልቶለት እንኳ ሊሞት ይችላል። እውነቱን እንዳይናገር ያደረገው ደግሞ የእኛ ምላስ ነው።

ስለ ሕጉ ሁለት ወገን ይከራከራል። አንዱ «ክልከላው ሰዎችን ወደ ሆቴል ክፍል ስለሚነዳ ይነሣ» ይላል፤ ሌላው «ልብን የሚያቆም ነገር በቀላሉ አይፈቀድም» ይላል። በእኛ አስተያየት ሁለቱም የእውነት ድርሻ አላቸው። የሚያስታርቃቸው በሐኪም ቤት፣ በሚገባ የተጠበቀ ጥናት ነው። የቴክሳስ ግዛት በ2025 ለኢቦጋይን ጥናት 50 ሚሊዮን ዶላር መመደቡ ነገሩ በዚህ በኩል መሄድ መጀመሩን ያሳያል።

እስከዚያው ድረስ ሱስ የያዘው ወዳጅ ያላችሁ ጓደኞቻችን ስለዚህ መድኃኒት ቢጠይቃችሁ አትሳቁበት፤ «ተአምር ነው» ብላችሁም አትላኩት። ኢሲጂ ተነሥቶ እንደሆነ፣ ሌላ ምን እንደሚወስድ፣ ከዚያም በኋላ ባለው ሳምንት ማን አብሮት እንደሚሆን ጠይቁት። ሐኪም ዘንድ ሲሄድም አብራችሁት ሂዱ።