ጥቁሩ ውኃ
እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2011 በጃፓኗ ሚያኮ ከተማ ከተቀረጸው የሱናሚ ቪዲዮ ዓይንን መንቀል ይከብዳል። የሚታየው ሰማይ ጠቀስ ማዕበል አይደለም፤ ባሕሩ ያብጣል፣ የመከላከያው ግንብ ጫፍ ይደርሳል፣ ከዚያም ጥቁር ውኃ ጀልባና መኪና እንደ ገለባ ተሸክሞ ጎዳናው ላይ ይገለበጣል። ጥቁረቱ ከባሕሩ ወለል ተጠራርጎ የተነሣው ደለል ነው። በዚያን ዕለት ከተቀረጹት ምስሎች በአንዳንዶቹ ከኮረብታ ላይ «ሽሹ!» እያሉ የሚጮኹ ሰዎች ይሰማሉ፤ በአደጋው በመላ ጃፓን ከ15,000 በላይ ሰው አልቋልና ምስሉን ያለ ድምፁ ማየት አይገባም።

ነፋስ ያስነሣው ሞገድ በሰከንዶች መጥቶ ይመለሳል። ሱናሚ ግን አብዛኛውን ጊዜ የውቅያኖሱ ወለል በርዕደ መሬት ድንገት ከፍ ወይም ዝቅ ሲል ስለሚነሣ ከላይ እስከ ታች ያለውን ውኃ ሁሉ ይገፋል፣ ለብዙ ደቂቃም ሳያቋርጥ ይጎርፋል። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ አንድ ቶን ያህል ይመዝናል፤ ጉልበት ድረስ ብቻ የደረሰው እንኳ ሰውን ይጥላል።